ዘውደነሽና የሚያፈሰው ድንኳን

በመቱ ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከግቢው በር ሲገቡ በስተግራ፣ የሸማቾች አቤቱታ የሚሰማባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ክፍሏ የዘውደነሽ ናት። በወጉ ከተነገረ የመንግሥት ናት፤ ግን ከተማው ውስጥ በመንግሥት ስሟ የሚጠራት ሰው የለም። «ዘውዴ ጋ ሂድ» ነው የሚባለው። የገዛው ጫማ በሳምንቱ አፉን የከፈተበት፣ የደን ማር ብሎ የተበጠበጠ ስኳር ተሸክሞ የገባ፣ ለሠርጓ የተከራየችው ቀሚስ ዚፑ ከመሃል የተሰነጠቀባት፣ ሁሉም ገሚሱ እየተሳደበ ገሚሱ እያለቀሰ ዘውዴ ጋ ይመጣል።

ዘውደነሽ አንድ ሕግ አላት። አዋጁ ውስጥ የለም፤ የራሷ ነው። ዕቃው ካልመጣ ነገር አትሰማም። ከሳሽ ገና በሩ ላይ ሆኖ አፉን ሲከፍት እጇን ታነሳና «ዕቃውስ?» ትላለች። ቤት ነው ያለው ካላት ሂድና አምጣው ነው መልሷ። በዚህ ሕግ የተነሳ አንድ የጎሬ ሰው የተሰበረ አልጋውን ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኖ፣ ቁልቁለቱን ሁሉ «ማን ሞተ?» እየተባለ ወርዷል። ሰው ይዋሻል፣ አልጋ ግን አይዋሽም ባይ ናት። ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ሻጭና ገዢን ጎን ለጎን ባንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ሁለት የተጣሉ ሰዎችን ፊት ለፊት ካስቀመጥካቸው ሲፋጠጡ ይውላሉ፤ ጎን ለጎን ካስቀመጥካቸው ግን የሚያዩት ሌላ ነገር ስለሌለ ዕቃውን ያያሉ። አንዳንዴም ዕቃውን ሲያዩ ቆይተው አንዱ ይስቃል። ከሳቁ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው።

ይህን ማንም አላስተማራትም። የተወለደችው ጎሬ ነው። አባቷ ከመንዝ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ሲሆኑ በክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ የክፍለ ሀገሩ ወንበር ከጎሬ ወደ መቱ ሲወርድ እሳቸውም ከወንበሩ ጋር ወረዱ። ዘውደነሽ አድጋ የአማርኛ ታይፒስት ሆነች። ጣቶቿ ፈጣን ስለነበሩ የደብዳቤውን ስህተት ሳይነግሯት ታርማለች እየተባለች ትመሰገን ነበር። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ አገሩ በክልል ተከፈለ፤ የቢሮው ቋንቋም ኦሮምኛ ሆኖ በላቲኑ ፊደል በቁቤ መጻፍ ተጀመረ። የጽሕፈት መኪናዋ ላይ ጨርቅ ተደረገበት። ከባልደረቦቿ ሻንጣውን ሸክፎ የሄደ ብዙ ነው። እሷ የት ትሄዳለች? በኦሮምኛ መማለድም መሳደብም ከልጅነቷ ጀምራ ታውቅበታለች፤ የሚጎድላት መጻፉ ብቻ ነበር። እሱንም ከጎረቤት ሕፃናት ደብተር ላይ እየቀዳች ባንድ ክረምት ተማረችው። እስከ ዛሬ ሰው ሲያናድዳት «እኔ እኮ ሁለት ጊዜ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ» ትላለች።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ወጥቶ ክፍሏ ስትቋቋም ማንም የፈለጋት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ የሰው ንትርክ መስማት ነው፤ ጥቅም የለውም፤ አበል የለውም። ዘውደነሽ ግን ወደደችው። የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እሷ ታደራድራለች። ከተስማሙ ተፈራርመው ይሄዳሉ። ካልተስማሙ ፋይሉ ወደ ዳኝነት ችሎቱ ያልፋል፤ እዚያ ባለሙያ ዳኞች ያዩትና አንዱ ይረታል፣ ሌላው ይሸነፋል። ከጥቂት ዓመት በፊት የአንድ አናጺና የጎረቤቱን የቁም ሣጥን ጉዳይ ማስማማት አቅቷት ወደ ችሎቱ መርታዋለች። ችሎቱ አልተሳሳተም፤ የፈረደው እውነቱን ነው። ግን ያ አናጺና ያ ጎረቤት እስከ ዛሬ አንዱ ሌላውን ሲያይ መንገድ ይሻገራል፤ የአንዱ ልጅ ስትዳር ሌላው ቤቱን ዘግቶ ዋለ።  ከዚያ ወዲህ ዘውደነሽ ፋይል ወደ ላይ መምራት ጥርስ እንደ ማስነቀል ነው የምትቆጥረው፤ ግድ ካልሆነ አታደርገውም።

ባሏ የቡና መኪና ሾፌር ነበር፤ ሞቷል። ልጆቿ አንዷ ጅማ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው። እሷ ላይ ሰፈር በሚባለው መንደር ብቻዋን ትኖራለች። ብቻዋን ማለት ግን ለወጉ ነው፤ አጥሯን ተሻግራ ዲንቄ አለች፣ ከዲንቄ ቀጥሎ ሌላው አለ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልሎ የያዘው ደግሞ የላይ ሰፈር ዕድር ነው። ልጆቹ ሩቅ ለሆኑበት ሰው ዕድር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ተረት ለእንዲህ ያለው ሰው ተረት አይደለም፤ ኑሮው ነው።

ነገሩ የተነሳው እንግዲህ ከዚሁ ዕድር ነው። ዕድሩ ከክረምቱ መግቢያ በፊት አዲስ ድንኳን ገዛ። አሮጌው በመቱ ዝናብ አልቆ ክሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። አዲሱን የሸጠላቸው ደቅሲሳ ነው፤ ገበያው አጠገብ ሸራ፣ ገመድ፣ ጆንያና ፍራሽ የሚሸጥ፣ በበጋ ደግሞ ቡና የሚነግድ፣ ትልቅ መጋዘን ያለው የያዮ ተወላጅ ነው። ድንኳኑን ሲያስረክብ ሸራውን በመዳፉ እየመታ «ከዚህ ውስጥ አንዲት ጠብታ ብታገኙ ስሜን ቀይሩ» አላቸው። ነጋዴ ሲሸጥ የማይለው ነገር የለም፤ ይህን በማለቱ ግን ኋላ ምላሱን ሳይነክስ አልቀረም።

ድንኳኑ በሰኔና በሐምሌ ለሁለት ለቅሶ ካፊያ ላይ ተተክሎ ነበር፤ ነሐሴ ላይ እትዬ ሽብሬ ሞቱ። እትዬ ሽብሬ በሰፈሩ የተከበሩ፣ ዘመዳቸው እስከ ጎሬና እስከ በደሌ የተዘረጋ ሴት ነበሩ፤ የጎሬው ዕድር በሙሉ ለለቅሶ መጣ። ዝናቡም ከጎሬው ዕድር ጋር አብሮ የመጣ እስኪመስል ወረደ። አዲሱ ድንኳን ማፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ በቄሶቹ ላይ፣ ቀጥሎ በእንግዶቹ አንገት፣ በመጨረሻም በቀጥታ ወጡ ድስት ውስጥ። አንድ የጎሬ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ድንኳን ውስጥ ዘረጉ። የላይ ሰፈር ሰው ያን ቀን ከሐዘኑ ይልቅ ያ ጃንጥላ ነው የገደለው።

በማግስቱ ሰፈሩ የደቅሲሳን ስም ቀየረ። ራሱ ቀይሩ ብሏልና «ወንፊት» አሉት። ከላይ ሰፈር ተነስቶ ስሙ ገበያ ደረሰ። ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ «ወንፊት አለ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ፤ ደቅሲሳ ገዢ መስሎት ከመደርደሪያ ወንፊት አውርዶ ሲያቀርብ ይስቁበታል። ቀልዱ ሲገባው ተናደደ። ድንኳኑን ያበላሻችሁት ረጥቦ እያለ አጥፋችሁ ነው፣ አልቀይርም፣ አልጠግንም አለ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ሸዋንግዛውም በበኩላቸው ድንኳኑ ከመጀመሪያውም ወንፊት ነበር ብለው ማመልከቻ ይዘው ዘውደነሽ ክፍል ገቡ። ጋሽ ሸዋንግዛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ የመቱ ግማሽ ሰው በሳቸው ዱላ የተማረ ነው፤ ዘውደነሽንም ጨምሮ።

ዘውደነሽ ማመልከቻውን አይታ መልሳ አጠፈችው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፤ እሷ ራሷ የዕድሩ አባል ናት። ተነስታ አለቃዋ ክፍል ገባች። ጌድዮን ወጣት ነው፤ የአባት ምክር የሚሰጥ የሚመስል ረጋ ያለ አነጋገር አለው።

«እትዬ ዘውዴ፣ የራስዎ ዕድር ከሆነ ችግር ነው» አለ። «እርስዎ ቢያዩት ይስማማ እንደሆነ ሻጩን እንጠይቀው። አልፈልግም ካለ ፋይሉን በቀጥታ ወደ ችሎቱ እመራዋለሁ። እርስዎም ይገላገላሉ።»

መገላገል የሚለው ቃል በጣም ጣማት። ደቅሲሳ ተጠራ። አልፈልጋትም ይላል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር፤ ባይሆን እንኳ ያመነታል። እሱ ግን ክፍሉን በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ አየና «ሌላ ሰው ካየው እኔ አልመጣም፤ እሷ ትየው» አለ። «ኢሺን ዸራ ሂን ቤክቱ።» ውሸት አታውቅም ማለቱ ነው። ዘውደነሽ በሕይወቷ ብዙ ምስጋና ሰምታለች፤ እንዲህ እንደ ድንጋይ የከበዳት ግን አልነበረም። በፈቃዱ ላይ ፈረመ፤ ጋሽ ሸዋንግዛውም ፈረሙ። እሳቸው እንዲያውም እየፈገጉ ነው የፈረሙት።

ለምን እንደፈገጉ እሑድ ቀን ገባት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ዝናብ ያዛቸው። ጋሽ ሸዋንግዛው ጃንጥላቸውን ወደ እሷ አዘንብለው አብረዋት ወረዱ። የግራ ትከሻቸው እየራሰ ነው፤ እሷን ግን ጠብታ አላስነኳትም። ደግ ሰው ናቸው፤ ይሄ መካድ የለበትም። ላይ ሰፈር መታጠፊያ ሲደርሱ እንዲህ አሉ፦

«ዘውዴ፣ ልጆችሽ ሩቅ ናቸው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ሩቅ ያለ ልጅ ለሠልስት ይደርሳል። ቀብር ላይ ያለነው እኛ ነን።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ካወቅሽ ጥሩ ነው» አሉና በሯ ድረስ ሸኝተዋት ሄዱ።

ዘውደነሽ ፈራች። መሸፋፈን አያስፈልግም፣ በጣም ፈራች። የመንግሥት ሥራ ዛሬ አለ ነገ የለም፤ ጡረታዋም ሩቅ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለችው ሴት የላይ ሰፈር ሴት ናት። ስትታመም ውሃ የሚያቀብላት፣ ስትሞት ዓይኗን የሚከድንላት፣ ሳጥኗን የሚሸከመው ይኸው ሰፈር ነው። ለደቅሲሳ ብትፈርድ ሰፈሩን ታጣለች። ለሰፈሩ ብትፈርድ ደግሞ ውሸት አታውቅም ያላት ሰው ፊት ትዋሻለች። አልጋዋ ላይ ሆና ፋይሉን ወደ ችሎቱ ብመራው ምን አለበት እያለች ብዙ አሰበች። አናጺውና ጎረቤቱ ትዝ አሏት። በነጋታው ቢሮ ገብታ ጌድዮንን «ሁለቱንም ጥራልኝ» አለችው፤ «ድንኳኑም ይምጣ።»

«ድንኳኑ? እትዬ ዘውዴ፣ ክፍልዎ እኮ ድንኳን አይችልም።»

«ግቢው ይችላል።»

የዕድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተከሉት። ግብር ሊከፍል የመጣ ሁሉ ማን ሞተ እያለ ይጠይቃል፤ ዘበኛው ማንም እንዳልሞተ ሲያስረዳ ደከመው። ዘውደነሽ አግዳሚ ወንበሯን አስወጥታ መሃል አስቀመጠችና ጋሽ ሸዋንግዛውን በቀኝ፣ ደቅሲሳን በግራ አስቀምጣ እሷ በመካከላቸው ተቀመጠች።

ደቅሲሳ «ምን እንጠብቃለን?» አለ።

«ዝናብ።»

መቱ ውስጥ በነሐሴ ዝናብ መጠበቅ ብዙ አያስቀምጥም። ሰማዩ ከሶር ወንዝ በኩል ጠቆረ፤ ንፋሱ ሸራውን ገፋ አደረገው፤ ከዚያ ወረደ።  መጀመሪያ ከሸራው ምንም አልመጣም። ደቅሲሳ እግሩን አነባበረና ፈገግ አለ። ፈገግታው ሳያልቅ ግን ሁለቱ ሸራዎች ከተያያዙበት ስፌት አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ተንጠልጥላ ቆይታ ባርኔጣው ላይ ወረደች። ሌላ ተከተለች። ብዙም ሳይቆይ ስፌቱ በሙሉ ከዳር እስከ ዳር ማንጠባጠብ ጀመረ። ደቅሲሳ ቀና ብሎ አየው። ጋሽ ሸዋንግዛው ተማሪ ስህተቱን ሲያይ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ አጠራረጋቸው ግን ደስታ ነበረበት።

ዘውደነሽ ወደ ስፌቱ እያመለከተች «ኦቦ ደቅሲሳ፣ ይሄ ጥፋት የማነው?» አለች።

ደቅሲሳ ባርኔጣውን አውልቆ አራገፈው። ሰው ነውና ለአፍታ ሊከራከር ቃጣው፤ ግን ውሃው ፊቱ ላይ እየወረደ ነው። «የስፌቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰፊዎቹ መርፌው የበሳውን ቀዳዳ በላስቲክ መድፈን ነበረባቸው። አልደፈኑትም። እኔም ሳላየው ነው የተረከብኩት።»

«እንግዲህ አለቀ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፤ ሊነሱም ጉልበታቸውን ያዙ።

ከዚህ ላይ ዘውደነሽ ዝም ብላ ብትነሳ ነገሩ በላይ ሰፈር አሸናፊነት ያልቅ ነበር። ስፌቱ አፍስሷል፣ ሻጩ አምኗል፣ ማን ይወቅሳታል? ግን ከጋሽ ሸዋንግዛው ራስ በላይ፣ ስፌት በሌለበት ቦታ፣ ሸራው መስቀልኛ ጠቁሯል። ጥቁሩ ነገር ሻጋታ ነው፤ ድንኳኑ የሚታጠፍበትን መስመር ተከትሎ የሄደ። ከሻጋታው መሃል ውሃ እየጎረፈ የጋሽ ሸዋንግዛውን ጉልበት አርሷል። እሳቸው ያላዩት መስለው ተቀምጠዋል። ደቅሲሳም ሻጋታውን አይቶታል፤ አሁን ግን እሷን ነው የሚያየው።

 «ይሄኛው ደግሞ» አለች ዘውደነሽ ወደ ሻጋታው እያመለከተች፣ «ይሄኛው የኛ ነው፣ ጋሼ።»

«የኛ አልሽ?»

«የኛ። እኔም አባል ነኝ። ረጥቦ እያለ አጥፈን አስገባነው። ከአንዱ ለቅሶ እስከ ሌላው ለቅሶ ተጣጥፎ ሻገተ። ስፌቱ የኦቦ ደቅሲሳ ነው፤ ይሄኛው የኛ ነው።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ፊታቸው ጠቆረ። «ሠልስት ሠልስት ነው» አሉ። «ሰማይ ቢደፋም ድንኳን በሦስተኛው ቀን ከሐዘንተኛ ደጅ ይነሳል። ከዚያ አልፎ የቆመ ድንኳን ሌላ ሞት ይጠራል። አባቶቻችን ያሉት ነው። ለሸራ ብለን ደንብ እንሽር?»

እውነታቸውን ነው፤ የላይ ሰፈር ሰው ይህን ደንብ ጥሶ አያውቅም። በበጋ ደረቁን ያጥፉታል፤ በክረምት ግን ፀሐይ እስክትወጣ ማን ይጠብቃል? በመቱ ክረምት ፀሐይ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እርጥቡን ያጥፉታል፣ እርጥቡን ያስገቡታል፣ እርጥቡን ያወጡታል። አሮጌው ድንኳንም ያለቀው እንዲሁ ነበር፤ ማንም ግን ይህን ጮክ ብሎ ተናግሮት አያውቅም።

«ደንቡ አይሻር» አለች ዘውደነሽ። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ደንቡ ከሐዘንተኛው ደጅ ይነሳ አለ እንጂ የትም አይዘርጋ ብሏል?»

ጋሽ ሸዋንግዛው አሰቡ። መምህር ናቸውና ትክክለኛ ጥያቄ ሲጠየቁ ቢናደዱም ያስባሉ። «አላለም» አሉ፤ «ግን የት ይዘረጋል? ይህን የሚያህል ጣራ ያለው ቤት ላይ ሰፈር ውስጥ ማን አለው?»

 ከዚያ ደቅሲሳ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ መናገር ጀመረ።

«አባቴን ያዮ ስንቀብር ዝናብ ነበር» አለ። «ድንኳን የሚባል ነገር አልነበረንም። ሰዉ ኮባ ቅጠል ቆርጦ ራሱ ላይ ይዞ ነው የቆመው። እናቴ ስትረጥብ አይቻለሁ።» ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «መጋዘኔ በክረምት ባዶ ነው። ቡናው ከሄደ በኋላ አይጥ ብቻ ነው ያለበት። እዚያ ይሰቀል። እስኪደርቅ ይቆይ፤ ከፈለጋችሁ እስከ ሌላው ለቅሶ ይቆይ። ስፌቱንም ሸራውንም ወደ ላኩልኝ ቦታ መልሼ አስቀይረዋለሁ። ስሜን ግን መልሱልኝ።»

ጌድዮን በመስኮት ሆኖ ሲያይ ሦስቱም እየራሱ ባንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዳቸውም ግን ለመነሳት አልቸኮሉም። ስምምነቱ በዚያው ቀን ተጻፈ፦ ደቅሲሳ የድንኳኑን ጣራ በአዲስ ያስቀይራል፤ ዕድሩ ድንኳኑን ከሠልስት በኋላ በመጋዘኑ ያደርቃል፤ የደቅሲሳንም ስም ይመልስለታል። የመጨረሻውን ነጥብ አዋጁ አያውቀውም፤ ዘውደነሽ ግን ጻፈችው። ፋይሉ ወደ ችሎት አልሄደም። ደቅሲሳ ሲወጣ በሁለት እጁ ጨበጣትና «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገናት። ጋሽ ሸዋንግዛው ፈርመው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ብቻቸውን ሄዱ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ደስ ይበላት ቢባል ደስ አላላትም። የዕድሩ ዳኛ በመንግሥት ግቢ፣ ግብር ከፋዩ ሁሉ እያየ፣ ጥፋት የኛ ነው መባላቸው ሰፈሩን አስቆጣው። ማንም አልሰደባትም። ሰላምታው ግን አጠረ፤ እንዴት አደርሽ ይባላል፣ ቆም ብሎ ልጆቹስ የሚል ጠፋ። ከሁሉ የከፋባት ዲንቄ ናት። ዲንቄ በአጥሩ ላይ ሳትጠራት ውላ አታውቅም ነበር፤ ጎመን ስትቆርጥ ለዘውደነሽ ትቆርጣለች፣ ቆጮ ስታገኝ ታካፍላታለች። አሁን ከአጥሩ ወዲያ ስታልፍ ጉሮሮዋን እንኳ አትጠርግም። ዘውደነሽ ቢሮ ውላ የሰዉን ጠብ ስታበርድ ትቆይና ማታ ቤቷ ገብታ ብቻዋን እራቷን ትበላለች። ሁለት ጊዜ ለጅማዋ ልጇ ስልክ ደወለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ደህና ነኝ ብላ ዘጋች። ያደረገችውን አልተጸጸተችበትም። ደግሞ ቢደገም የምታደርገው ያንኑ ነው። ግን ብቸኝነት በጸጸት ብቻ አይመጣም።

መስቀል አለፈ፤ ዝናቡ ግን አላለፈም። ጣራው በአዲስ የተቀየረው ድንኳን ከአዲስ አበባ መጣ፤ ደቅሲሳ ራሱ በራሱ መኪና ለዕድሩ አስረከበው። በዚያው ሳምንት ጋሽ ሞሲሳ የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ አረፉ። ጥሩምባው ሲነፋ ዘውደነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ቀረች እንዳትባል ወጣች፤ ግን በሩ ላይ ቆመች። ከሄደች የት ትቀመጣለች? ሴቶቹ ፈቀቅ ይሉላታል ወይስ ያላዩ ይመስላሉ? ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ለቅሶ ቤት የማይሄድ ሰው ምን ሊሆን ነው ብላ ጭቃውን እየመረጠች ወረደች።

ድንኳኑ ሞልቷል። ዝናቡ ጣራው ላይ እየደበደበ ነው። ጥግ ላይ ባለች ክፍት ቦታ፣ ከሴቶቹ ረድፍ ጫፍ፣ ከዲንቄ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው እንጂ መርጣ አይደለም። ዲንቄ ወደ ፊት ነው የምታየው። ዘውደነሽ ቀስ ብላ ቀና አለች። ጣራው ደረቅ ነው። ስፌቱ ደረቅ ነው። ማንም ወንበሩን እያነሳ ቦታ አይቀይርም፤ ሰው ሁሉ ሐዘኑን ብቻ ነው የያዘው።

ጋሽ ሸዋንግዛው ከዘራቸውን ይዘው በድንኳኑ ጠርዝ እየዞሩ ነበር፤ የዕድር ዳኛ ሥራው ይኸው ነው። ከኋላዋ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ዘውዴ፣ እኔ ሁልጊዜ ስጸልይ ምን እል እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ምን ይሉ ነበር ጋሼ?»

«አደራ በበጋ ውሰደኝ እል ነበር። ጎረቤት በጭቃ እንዳላስቸግር፣ የመጣው እንግዳ እንዳይረጥብ።» ወደ ጣራው አዩ። «አሁን ትቼዋለሁ። አንቺም በክረምት ብትሞቺ ግድ የለም።»

ዘውደነሽ ሳቋ መጣባት። የሰው ለቅሶ ላይ፣ በሬሳ ፊት፣ የሚያደርጉት ነገር አይደለም፤ ግን ሲመጣ መጣ። ነጠላዋን አፏ ላይ ደፍና አቀረቀረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከሳቁም ጋር እንባዋ መጣ፤ የትኛው የቱ እንደሆነ እሷም አልለየችውም። ዲንቄ ዞር ብላ አየቻት። እያለቀሰች መሰላት፤ ያ ሁሉ ሳምንት ያልዘረጋችውን እጇን ዘርግታ ትከሻዋን አቀፈችና «አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ» አለቻት። ዘውደነሽም ቀና ብላ አላረመቻትም። ጠጋ አለቻትና ማልቀሷን ቀጠለች።